እምቢ የማይባልበት ተራራ

ድሮ ጋብቻ የሚጠየቀው ደጃፍ ላይ ነበር። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ማልደው ይሄዱና «ለጉዳይ መጥተናል» ብለው ይቆማሉ። አሁን አሁን ግን ጥያቄው ደጃፉን ትቶ ተራራ መውጣት ጀምሯል። በተለይ በእግር ጉዞ በተዋወቁ ወጣቶች ዘንድ «የት ልጠይቃት?» የሚለው ሐሳብ «ልጠይቃት ወይ?» ከሚለው እየቀደመ መጥቷል። ለዚህ ደግሞ ሐሮ ወንጪን የሚያህል ቦታ ከየት ይገኛል?

ወንጪን ያላየ ካለ ጥቂት ልንገረው። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ይገኛል። «ሐሮ» በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጎድጓዳ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ ሆኗል። ዙሪያውን የከበበው ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ከጫፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ሐይቁ፣ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት፣ የእንሰቱ ጓሮና ሸለቆው አንድ ላይ ይታያሉ። የአካባቢው ገበሬዎች ለዓመታት በማኅበር ተደራጅተው እንግዳውን በፈረስና በጀልባ ሲያጓጉዙ ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪን መረጠ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆነ። መንገድ ተሠራ፣ ማረፊያ ተሠራ፣ ሰው ጎረፈ። ከሚጎርፈው ሰው መካከል ታዲያ በኪሱ ቀለበት የያዘ አይጠፋም።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ልጁና ልጅቷ በእግር ጉዞ የተዋወቁ ናቸው። አንድ እሁድ እንጦጦ፣ ሌላ እሁድ መናገሻ ሱባ እያሉ ዓመት ሞላቸው። እሱ ለቡድኑ መሪ አስቀድሞ ምስጢሩን ነግሮታል። ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ከእሷ በቀር ተነግሯል። ካሜራ የያዘው ልጅ የት እንደሚቆም ያውቃል። የተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ «ፎቶ እንነሳ» ይባላል፤ እሷ ወደ ሐይቁ ዞራ ትቆማለች፤ ስትመለስ ሰውየው ተንበርክኳል። አርባ ሰው ስልኩን ወደ ፊቷ አቅንቷል። ፈረስ አከራዮቹ ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው ያያሉ። ከዚያ ጭብጨባው ይጀመርና «እሺ በይ! እሺ በይ!» ይባላል።

እሺ ትላለች። ምን ልትል ኖሯል?

የዛሬው ወቀሳዬ እዚህ ላይ ነው። መንበርከኩ ላይ አይደለም። እርግጥ አያቶቻችን ለእግዚአብሔርና ለንጉሥ እንጂ ለኮረዳ አይንበረከኩም ነበር፤ ቢሆንም ሰው ለሚወዳት ዝቅ ቢል ጉልበቱ አይረክስም። ከውጭ የመጣ መሆኑም ላይ አይደለም። ቬሎውም ኬኩም ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ማንም ዛሬ ባዕድ ነገር ብሎ አይቆጥራቸውም። ፍቅርን በአደባባይ መግለጽም ነውር አይደለም። ወቀሳዬ አንዲት ነገር ላይ ናት፤ ጥያቄ ጥያቄ የሚባለው ሁለት መልስ ሲኖረው ነው። አንድ መልስ ብቻ ያለው ነገር ጥያቄ መባሉ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል። ወንጪ ጫፍ ላይ፣ በአርባ ሰው ፊት፣ «እምቢ» የሚባል መልስ የለም። «እስቲ ላስብበት» የሚባል መልስም የለም። እንዲያውም ከ«እምቢ» ይልቅ የሚከብደው ይሄኛው ነው። «እምቢ» ያለች ሴት ቢያንስ ቁርጧን ተናግራለች፤ «ላስብበት» ያለች ግን ሰውየውን ተንበርክኮ እንዳለ፣ ሕዝቡን አፉን ከፍቶ እንዳለ ትታ የሄደች ጨካኝ ተብላ ትታማለች።

«ኧረ ባክህ! የሚወዳት መሆኑን እያወቀች፣ እሷም እየወደደችው ምን ማሰብ ያስፈልጋታል?» የሚል ይኖራል። መውደድና ማግባት አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ክርክር ያሸንፍ ነበር። ሰውየውን እየወደደች ለማግባት ያልተዘጋጀች ትኖራለች። የታመመች እናት ያለባት ትኖራለች። ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ዓመት የቀራት ትኖራለች። ልጅ መውለድ የማትፈልግ፣ ይህንንም ለመናገር ጊዜ ስትፈልግ የቆየች ትኖራለች። ሃይማኖታቸው ተለያይቶ ገና ያልተነጋገሩበት ይኖራሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ፣ በካሜራ ፊት የሚወራ አይደለም።

የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያቸው አንድ የሆነ ጥንዶች ላይ ደግሞ ጫናው እጥፍ ይሆናል። ለምን ቢሉ፣ በዙሪያቸው የቆመው ሰው መንገደኛ አይደለም። የእሷም የእሱም ጓደኛ ነው። የቢሮ ሰው ብትጠይቃት እምቢ ብላው ሲበቃ ቅዳሜና እሁድ የምትሸሽበት ተራራ ነበራት። የተራራው ሰው ሲጠይቃት ግን እምቢ ካለች ሰውየውን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ተራራውንም ታጣለች። በሚቀጥለው እሁድ ያን አውቶቡስ እንዴት ትሳፈራለች? ከማን ጎን ትቀመጣለች? ቡድኑ ሁሉ «ያቺ እኮ ናት» እያለ እያያት እንዴት ዳገት ትወጣለች? ስድስቱን ቀን ስትደክም ቆይታ የምትተነፍስባት አንዲት ቀን ነበረቻት፤ እሷን አስይዛ ነው መልስ የምትሰጠው። እሱም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ እምቢ የተባለ ወንድ ያን ቡድን ተመልሶ አያይም። በአንድ ጥያቄ ሁለት ሰው ከአንድ ማኅበር ሊባረር ይችላል ማለት ነው።

እስቲ አሁን ወደ ደጃፉ እንመለስ። ሽማግሌ የሚባለው ነገር ለምን ተፈጠረ? ሽማግሌ ጥያቄ ብቻ አይደለም የሚያደርሰው፤ እምቢታንም ይዞ ይመለሳል። ልጁ እዚያ የለም። ልጅቷም ከጓዳ ናት። የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን «እሺ» አይልም፤ እሺ ቢል ራሱ ልጁን ያቀለለ ይመስላል። «ከዘመድ እንማከር፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። በዚህ ምልልስ መካከል መልሱ ይበስላል። እምቢታ ቢሆን እንኳን «ልጅቷ ገና ናት»፣ «ዘመድ አልተስማማም» ተብሎ በለስላሳ ቃል ተጠቅልሎ ይሰጣል። ማንም በአደባባይ አይዋረድም። ልጁ ነገ ገበያ ላይ የልጅቷን ወንድም ቢያገኘው ሰላም ይለዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት የዚህ ምልልስ ፍልስፍና ነው።

ነገር ግን ድሮን አሳምሬ አሁንን ለማሳጣት አይደለም የመጣሁት። በዚያ ሁሉ ምልልስ ውስጥ ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ነበረች፤ የምታገባዋ ልጅ። ቀጠሮው ለአባቷ ነው፣ ምክሩ የአጎቶቿ ነው፣ እሺታውም የእነሱ ነው። ሕጉም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ተከትሎ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የደነገገው ሁለት ቤተሰቦች እንደሚዋዋሉት ውል አድርጎ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ ክብር የተሠራችው የእምቢታ በር ለልጅቷ ክፍት አልነበረችም።

ወንጪ ያለበት አገር ኦሮሞ ነውና የኦሮሞን ልማድ ማየት ይገባል። በኦሮሞ ባህል ወደ ጋብቻ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የተከበረው «ነቀታ» የሚባለው ነው፤ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ጥሎሽ ይነገራል፣ ቀን ይቆረጣል። እዚህ ላይ ጊዜ አለ፤ የልጅቷ ድምፅ ግን እንደ ቤተሰቡ ደግነት ነው። «ቡቲ» የሚባለው ጠለፋ ነው። እዚህ ላይ እምቢታ በጉልበት ይሰበራል፤ ሽማግሌው የሚላከው ነገሩ ካለቀ በኋላ ለማስታረቅ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ «አሴና» ነው። ልጅቷ ራሷ ተነሥታ ወደምትፈልገው ልጅ ቤት ሄዳ ትገባለች። ቤተሰቡ ሊያባርራት አይችልም፤ ባህሉ ይይዘዋል። ሴት ልጅ ጋብቻ ትጠይቃለች ቢባል ዛሬም ዓይኑን የሚያፈጥ ከተሜ ሞልቷል፤ የሸዋ ኦሮሞ ግን ለዚህ ስም አውጥቶለት፣ ሥርዓት ሠርቶለት ኖሯል። ሆኖም አሴናም ላይ የጎደለ ነገር አለ። እዚያኛው ላይ እምቢ ማለት የሚቸግረው ልጁ ነው። የመጣችበትን ልጅ ከመለሰ ነውሩ የእሱና የወገኑ ነው።

ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ ብንሰፍራቸው ይህን እናገኛለን፦ ነቀታ ጊዜ ሰጥቶ ልጅቷን ዘለለ። ቡቲ ሁሉንም ዘለለ። አሴና ልጅቷን አናግሮ ልጁን አሰረ። የወንጪው ጉልበት ደግሞ ልጅቷን ፊት ለፊት ጠየቀ፤ ይህ ከአባቶቻችን የሚሻልበት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጊዜዋን ወሰደባትና መልሷን ለሕዝብ ሰጠው። አባትና አጎት ይወስኑላት የነበረውን አሁን አርባ ተጓዥ በጭብጨባ ይወስንላታል። የዳኛው ቁጥር በዛ እንጂ ፍርዱ ወደ እሷ አልተመለሰም።

ይህችን ነጻነት ለማግኘት ደግሞ ብዙ ተደክሞባታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻ የሚጸናው ተጋቢዎቹ ራሳቸው ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ብቻ ነው ብሎ ደነገገ፤ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 አደረገ። የመተጫጨቱን ውል ተወው። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69 አወጣ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፈነው። ሕጉ «ነጻና ሙሉ» ሲል ሁለት ቃል የተጠቀመው ለጌጥ አይመስለኝም። በጉልበት ያልተገደደ ሁሉ ነጻ ነው፤ ሙሉ ፈቃድ ግን ከዚህ ይበልጣል። ይሉኝታ ሕግ ፊት ቀርቦ አይከሰስም። ዱላ ያልያዘ ጭብጨባም ማስገደድ አይባልም። ቢሆንም ይሉኝታ በእኛ አገር ስንት ሰው እንዳጋባ ለአንባቢ አልነግርም።

እንዲህ ስል ግን አንድ የማልክደው ነገር አለ። በአንድ ነገር ፍቅር የተገናኙ ሰዎች ከሌላው የተሻለ መነሻ አላቸው። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ በመጽሔቶች ላይ የብዕር ጓደኛ የሚፈልግ ሁሉ ከስሙና ከዕድሜው ቀጥሎ «ሆቢ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ሙዚቃ መስማት፣ ፊልም ማየት፣ መጽሐፍ ማንበብ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚጽፍ ማንም ከማንም አይለይም ነበር። ተራራ ግን በወረቀት ላይ አይዋሽም። ስድስት ሰዓት አብሮ የተጓዘ ሰው፣ ስድስት ወር ካፌ ተቀምጦ ከተጫወተ ሰው ይልቅ ጓደኛውን ያውቃል።

ስለዚህ ወንጪን መድረክ ከማድረግ ይልቅ መመርመሪያ ብታደርጉት ይሻላችኋል። ፈረስ ለሚያከራየው ገበሬ የተስማማበትን ዋጋ ወርዶ ሲያበቃ ይቀንሳል ወይስ ይከፍላል? ልጓሙን ይዞ ዳገቱን በእግሩ የወጣውን ልጅ ስሙን ይጠይቀዋል ወይስ «አንተ!» እያለ ይጠራዋል? እናንተ ለመዝናናት የምትጋልቡት ፈረስ ለዚያ ልጅ የቤቱ እንጀራ መሆኑን ያስተውላል? ከኋላ የቀረች ወፍራም ሴትዮ ብትኖር ቆሞ ይጠብቃል ወይስ ቀድሞ ጫፍ ላይ ፎቶ ይነሣል? ዝናብ ሲመጣ ስለ ማን ይጨነቃል? መንገድ ሲስት ጥፋቱን በማን ያሳብባል? እሷስ? ሲደክማት ትናገራለች ወይስ ታኮርፋለች? ምሳዋን ታካፍላለች? እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ግን ትዳርም ከእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው።

ይህም ሆኖ ተራራው የማያሳየው አለ። ተራራው የሚያሳየው የእሁዱን ሰው ነው። የእሁዱ ሰው ተኝቶ የነቃ፣ በልቶ የጠገበ፣ ደመወዙን የተቀበለ ነው። የምታገቡት ግን የማክሰኞውን ሰው ነው፤ የቤት ኪራይ የደረሰበትን፣ አለቃው የተቆጣውን፣ ታክሲ ተሰልፎ የመጣውን። የአምቦ ውሃ ሲከፈት ይፈላል፤ ያ ደስ ይላል። ጥማችሁን የሚቆርጠው ግን ፍላቱ ካለፈ በኋላም የሚቀረው ውሃ ነው። «ሁለታችንም ጉዞ እንወዳለን» የሚለው ፍላቱ ነው።

ደግሞ ያ የሚወዱት ነገር ራሱ ከጋብቻ በኋላ ምን ይሆናል? ማንም ቀለበት ሲገዛ የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ወር አውቶቡሱ እሁድ ጠዋት ሲነሣ የሚሳፈረው ማነው? ብዙዎቻችን መልሱን እናውቀዋለን። እሱ ይሳፈራል። «አንቺ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» ትባላለች። የሚቀጥለው ሳይመጣ ልጁ ዳዴ ይላል፤ ዳዴው ሳያልቅ ሁለተኛው ይረገዛል። ከአምስት ዓመት በኋላ እሱ «ባለሆቢ» ነው፤ እሷ «ድሮ ጉዞ ትወድ የነበረች» ናት። በአንድ ተራራ የተገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ተራራ ላይ፣ ሌላዋ ማድቤት ይቀራሉ። ኳስ በሚያዩም፣ ቴአትር በሚወዱም፣ በመዘምራንም ዘንድ ይኸው ነው።

እስቲ ሩጫን እንውሰድ። ጥሩነሽ ዲባባና ስለሺ ስህን በአንድ ሙያ ውስጥ ሆነው ነው የተጋቡት። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ እሷ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ፣ እሱ በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኙ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተጋቡ። ጥሩነሽ በ2015 ልጅ ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ከእሷ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ ወስዳለች። እናትነት እግርን አያስርም ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለእነሱ ሩጫው ሥራ ነው፣ አገርም የሚጠብቀው ነው። አሰልጣኝ አለ፣ ፌዴሬሽን አለ፣ «መቼ ትመለሳለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ አለ። እሁድ እሁድ መናገሻ የምትወጣውን የባንክ ሠራተኛ ግን «መቼ ትመለሻለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ፌዴሬሽን የለም። የእሷን ትርፍ ጊዜ የሚጠብቅላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያ ወንጪ ላይ የተንበረከከው ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው «ታገቢኛለሽ?» ከማለቱ በፊት ብዙ ነገር ልትጠይቀው፣ እሱም ሊጠይቃት ይገባ ነበር። እሁድን እንዴት እንካፈላለን? ስንት ልጅ? የት እንኖራለን? ለማን ቤተሰብ ምን ያህል እንልካለን? የማን ሥራ ለማን ሥራ ይለቃል? ድሮ ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሽ፣ ስለ መሬትና ስለ ከብት ይነጋገሩ የነበረው ገንዘብ ስለሚወዱ ብቻ አልነበረም። ትዳር የኑሮ ውል መሆኑን ያውቁ ነበር። እኛ ሽማግሌውን አስወጣነው፣ ሽማግሌው ይሠራው የነበረውን ሥራ ግን የሚሠራ አላስገባንም። በምትኩ ያስገባነው ፎቶ አንሺ ነው።

«ግን ድንገተኛነቱ እኮ ነው ደስ የሚለው» ይባላል። ይህ ወግ ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይከፋም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ አልማዝ ዘላለማዊ ነው የሚል ማስታወቂያ በአሜሪካ አስነገረ። ማስታወቂያው የአልማዝ ቀለበትን ከፍቅር ጋር ካጣበቁት ነገሮች ዋነኛው ሆነ፤ የቀረውን ፊልም ጨረሰው። እኛ አገር የደረሰው ታዲያ የፊልሙ መጨረሻ ብቻ ነው። በፊልሙ ጀግናው የሚንበረከከው ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተጨቃጨቁ፣ ከተጣሉና ከታረቁ በኋላ ነው። እኛ ያንን ሁለት ሰዓት ዘልለን መንበርከኩን ወሰድነው። ደግሞስ ድንገተኛ መሆን ያለበት ምኑ ነው? ቦታው ድንገተኛ ይሁን፣ ቀኑ ድንገተኛ ይሁን፣ ቀለበቱ ድንገተኛ ይሁን። ጥያቄው ግን ድንገተኛ መሆን የለበትም። አንዲት ሴት በወንጪ ጫፍ ላይ «ትዳር ሊጠይቀኝ ነው እንዴ?» ብላ የምትደነግጥ ከሆነ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ትዳር አልተነጋገሩም ማለት ነው። ሳይነጋገሩ ተራራ ወጥተዋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ቀላል ነው። ጥያቄውን እምቢ ሊባል በሚችልበት ቦታ አቅርቡት። ሁለታችሁ ብቻ ባላችሁበት፣ ከጓደኛም ከዘመድም ፊት ርቃችሁ፣ እሷ ተነሥታ ወደ ቤቷ መሄድ በምትችልበት ሰዓት ይሁን። ስልክ አይቀረጽበት። መልሱን ለማምጣት ጊዜ ስጡ፤ ሳምንት ይሁን ወር ይሁን ቀጠሮ ስጡ፤ አባቶቻችን ይህችን ብልሃት ትተውልን ነበር። ሴቶችም ብትሆኑ ጥያቄው የወንድ ብቻ አይደለምና በአሴና አገር ቆማችሁ ጠያቂ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ስትጠይቁ ግን ለእሱም ያንኑ በር ክፈቱለት። የምትወዱት ማኅበር ካለ ደግሞ መልሱ ምንም ይሁን ምን ሁለታችሁም ከዚያ እንዳትባረሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማኅበሮቹም ቢሆኑ «ጉዟችን ላይ ልጠይቃት» ብሎ ሲመጣባችሁ «እሷ ታውቃለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አታውቅም፣ ያ ነው ደስ የሚለው» ካላችሁ አውቶቡሱን አታስይዙት።

ከዚያ በኋላ፣ በጸጥታ ተጠይቆ፣ በጊዜ ታስቦ፣ «እሺ» ከተባለ ወንጪ ውጡ። ቀለበቱን እዚያ አጥልቁላት፤ ጓደኞቻችሁ ያጨብጭቡ፤ ፈረሶቹን በአበባ አስጊጡ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ተንበርከኩ። ያን ጊዜ ጭብጨባው የሚያስገድደው ሰው የለም፤ ደስታችሁን ይካፈላል እንጂ። «እሺ» ካልተባለም ወንጪ ውጡ፤ በተለያየ እሁድም ቢሆን። ሐይቁ በዚያ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ብዙ ሺህ ዓመት ተኝቷል፤ የእናንተን መልስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያቅተውም።